ከልጁ በኋላ የሚወለደው፦ የእርግዝና ስኳርና ውፍረት በእንግዴ ልጅ ላይ የሚያደርሱት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የተወለድንበትን አገር ስንጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን። እትብቱ ግን ብቻውን አልነበረም፤ በአንደኛው ጫፉ እኛ ነበርን፣ በሌላኛው ጫፉ እንግዴ ልጁ። እናቶች ቤታቸው ይወልዱ በነበረበት ጊዜ እንግዴ ልጁ በጓሮ ወይም በደጃፍ ተቆፍሮለት ይቀበር ነበር፤ ዛሬ በጤና ጣቢያው ግቢ ለዚሁ ተብሎ ወደተዘጋጀ ጉድጓድ ይገባል። አዋላጇ በሳሕን ላይ አድርጋ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን አገላብጣ ታያለች፤ ቁራጭ ከቀረ እናቲቱ ደም ሊፈሳት ስለሚችል ይህን ማየቷ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስለ እርሱ የሚጠይቅ የለም። ዘመድ አዝማዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ወደ እናትና ወደ ልጅ ይዞራል፤ መዞሩም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለጥቂት ጊዜ ዓይናችንን ወደዚያ ሳሕን እንድንመልስ ልለምናችሁ ነው፤ ምክንያቱም በእርግዝና ወቅት የሚከሰተው የስኳር በሽታም ሆነ ከእርግዝና በፊት የነበረ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ፅንሱን የሚነኩት አስቀድመው ይህን አካል ነክተው ነው፤ እንዲያውም፣ ወደ ኋላ እንደማብራራው፣ የእርግዝናውን ስኳር በመቀስቀስ ረገድ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው አካል ነው።

ጊዜውን የጨረሰ ጤናማ እንግዴ ልጅ በሳሕን ላይ ሲዘረጋ ስፋቱ የእንጎቻ፣ ውፍረቱ የአምባሻ ያህል ነው፤ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል። በልጁ በኩል ያለው ፊቱ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና ወደ አመድማነት የሚያደላ ሲሆን፣ እትብቱ ከተተከለበት መሐል ተነሥተው የደም ሥሮች እንደ ዋርካ ሥር ወደ ዳር ዳር ይዘረጉበታል። ስትገለብጡት ከማሕፀኑ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የነበረው ፊቱ ይመጣል፤ ይህኛው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሻካራና በበጋ እንደተሰነጣጠቀ መረሬ መሬት በብዙ ጉብታዎች የተከፋፈለ ነው። አሁን ከእርሱ ጎን ስኳሯ ሳይታወቅ ወይም በደንብ ሳይስተካከል የወለደችን እናት እንግዴ ልጅ አስቀምጡ። ልዩነቱን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ የበለጠ ትልቅና ወፍራም ነው፤ ሰባትና ስምንት መቶ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ጣት ሲያርፍበት ውሃ ያዘለ ስፖንጅ ይመስላል፤ እትብቱም በደም ሥሮቹ ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ነገር በዝቶ ከወትሮው ይወፍራል። ለዓመታት በማዋለጃ ክፍል ስሠራ ብዙ ጊዜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር እንዲህ ያለውን እንግዴ ልጅ ያየ ሰው ሁሉ «ልጁን ጥሩ አድርጎ መግቦታል» ብሎ ማድነቁ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲያ አስብ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከዓይን ወደ ማይክሮስኮፕ መሄድ አለብን። እንግዴ ልጅ ውስጡ ሲታይ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እየተከፈለ የሄደ ዛፍ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቅርንጫፎች እንደ ጣት የቀጠኑ ሲሆኑ በውስጣቸው የፅንሱ ደም ይዞራል፣ በውጭ በኩል ደግሞ የእናቲቱ ደም ያጥባቸዋል። ሁለቱ ደሞች አይቀላቀሉም። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ በእርግዝናው መጨረሻ ላይ እጅግ ስለሚሳሳ ኦክስጅንና ምግብ በቀላሉ ይሻገሩበታል። የእነዚህ ጣት መሰል ቅርንጫፎች ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም 3 በ4 ሜትር የሆነ የመኝታ ክፍል ወለል ማለት ነው። ወደ ማሕፀኑም በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ የእናት ደም ይፈስሳል። ይህ ሁሉ በእንጎቻ ስፋት ውስጥ ታጥፎ የገባ ነው።

የስኳር በሽታ ባለባት እናት እንግዴ ልጅ ውስጥ እነዚህ ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ ለዕድሜያቸው ያልበሰሉ ሆነው ይገኛሉ። በ38ኛው ሳምንት ቀጭንና ስስ መሆን የሚገባቸው ገና የ30ኛውን ሳምንት መልክ እንደያዙ፣ ወፍረውና ውሃ ቋጥረው ይታያሉ። ግድግዳው ይወፍራል። ከሁሉ በላይ ዓይን የሚስበው ደግሞ የቀጫጭን የደም ሥሮች ብዛት ነው፤ በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ጥቂት መኖር ሲገባቸው ከ10 በላይ ተጨናንቀው ይቆጠራሉ። ይህ ብዛት የጥጋብ ሳይሆን የእጦት ምልክት ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እስኪ መጀመሪያ ስኳሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። አንዲት እናት ከወለደች በማግስቱ ጣቷን ተወግታ ስኳሯ ሲለካ ልኩን ይዞ ተገኘ። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ስትለካና ኢንሱሊን ስትወጋ ቆይታ ነበርና ማመን አቅቷት «ዶክተር፣ ስኳሬ የት ሄደ?» አለችኝ። «ትናንት ከልጅሽ በኋላ ወጣ» አልኳት። ይህን ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። እንግዴ ልጅ የሚያሳልፈውን ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት አይደለም፤ ሆርሞን የሚያመርት አካል ነው። ከሚያመርታቸው መካከል የእንግዴ ልጅ ላክቶጅን የሚባለውና የራሱ የሆነ የእድገት ሆርሞን ይገኙበታል። እነዚህ የእናቲቱ ጡንቻና ስብ ለኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ ያላቸውን ታዛዥነት እንዲቀንሱ ያደርጋሉ፤ በእርግዝናው መጨረሻ ይህ ታዛዥነት በግማሽ ያህል ይወርዳል። ዓላማው ክፉ አይደለም፤ እናት ከበላችው ውስጥ ለልጁ የሚተርፍ ስኳር በደሟ ውስጥ ትንሽ እንዲቆይለት ነው። በዚህ ጊዜ በንዴት «ቆሽቴ አረረ» የምንልለት ቆሽት ሥራውን ከእጥፍ በላይ በማሳደግ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ የአብዛኞቹ እናቶች ቆሽት ይህን ይወጣዋል። ከእርግዝና በፊት ሰውነቷ ኢንሱሊንን መቃወም የጀመረ፣ ወይም የቆሽቷ አቅም ቀድሞም ጠባብ የነበረ እናት ግን ጭማሪውን መሸከም ያቅታትና ስኳሯ ከፍ ይላል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኖቹም አብረውት ይሄዳሉ፤ ስኳሩም በአብዛኛዎቹ እናቶች ላይ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ እንግዴ ልጅ በዚህ በሽታ ውስጥ ሁለት ድርሻ አለው፤ አስነሺውም እርሱ ነው፣ ተጎጂውም እርሱ ነው።

ስኳር ወይም ግሉኮስ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚሻገረው ከበዛበት ወዳነሰበት ነው። በሩን የሚከፍቱለት አጓጓዥ ፕሮቲኖች አሉ፤ የእናቲቱ ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ልጁ የሚሻገረውም ይጨምራል። ኢንሱሊን ግን አይሻገርም። ይህ አንድ ነገር ከገባን ብዙው ነገር ይገባናል። እናት ስኳሯን ትልካለች፣ ስኳሩን የሚያስተዳድረውን ኢንሱሊን ግን መላክ አትችልም። ስለዚህ የፅንሱ ትንሽ ቆሽት የእናቱን ስኳር ለመቆጣጠር ያለ ዕድሜው ይሠራል። ዴንማርካዊው ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ ሲያቀርብ የተናገረው በአጭሩ ይኸው ነው፤ የእናት ስኳር ሲጨምር የልጅ ስኳር ይጨምራል፣ የልጅ ስኳር ሲጨምር የልጅ ኢንሱሊን ይጨምራል፣ ኢንሱሊኑም ልጁን ያወፍረዋል። ከተወለደ በኋላ እትብቱ ሲቆረጥ የስኳሩ ፍሰት በአንድ ጊዜ ይቋረጣል፤ የልጁ ቆሽት ግን ይህን ስለማያውቅ ኢንሱሊን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ገዘፍ ብሎ የተወለደው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስኳሩ ወርዶ የሚንቀጠቀጠውና የሚዝለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከተወለደ በኋላ ቶሎ ጡት መጥባትና ስኳሩ መለካት ይኖርበታል፤ «ትልቅ ነው፣ ምን ይሆናል» ተብሎ መተው የለበትም።

አሁን ወደ ተጨናነቁት የደም ሥሮች ልመለስ። ብዙ ኢንሱሊንና ብዙ ስኳር ያለው ፅንስ ብዙ ያቃጥላል፤ ብዙ የሚያቃጥል ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። የእንግዴ ልጁ ግድግዳ ወፍሯል፣ ቅርንጫፎቹም በሚገባው ልክ አልበሰሉም፤ ኦክስጅኑ በሚፈለገው መጠን አይደርስም። ፅንሱ ኦክስጅን ሲያንሰው ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ እንግዴ ልጁም የደም ሥር እንዲያበቅል የሚያዙ ምልክቶች ይደርሱታል። በማይክሮስኮፕ የምናየው ብዛት ለእነዚህ ምልክቶች የተሰጠ መልስ ነው። እንግዲህ በሳሕኑ ላይ ያየነው ግዝፈት፣ ቢያንስ በከፊል፣ እጥረትን ለማካካስ የተደረገ ትግል ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። የማይሳካለት ጊዜ ግን አለ፤ ስኳሯ ያልተስተካከለላት እናት ዘጠነኛው ወር ላይ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የፅንሱን እንቅስቃሴ ስታጣ፣ በእኔ ሙያ ከዚያ የሚከብድ ሰዓት የለም። የሚወለደውን ሰውነት አይተን «እንዲህ ያለ ግዙፍ፣ ጤናማ ልጅ ለምን ሞተ?» እንላለን። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በእንግዴ ልጁ ውስጥ ነው፤ ሳንመረምረው ወደ ጉድጓዱ ከገባ ግን መልሱም አብሮት ይቀበራል። ክብደቱን እንኳ በሚዛን ለክቶ በካርዱ ላይ መጻፍ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነውና፣ ይህ ልማድ እንዲጀመር ባገኘሁት መድረክ ሁሉ እጠይቃለሁ።

ስኳሩ ስንት ሲሆን ነው ጉዳቱ የሚጀምረው? ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ይፈልጉ የነበረው አንድ ድንበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣው፣ በ9 አገሮች 25,000 ያህል ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ያሳየው ግን ድንበር የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው፤ የእናት ስኳር በትንሽ በትንሹ ከፍ ባለ ቁጥር የልጁ ክብደትና የኢንሱሊኑ መጠን አብረው ይጨምራሉ። ለሕክምና ግን የሆነ ቦታ ላይ መስመር መሰመር ስላለበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ በባዶ ሆድ 92 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ 75 ግራም ግሉኮስ ከተጠጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 የሚሉትን ቁጥሮች ይዟል፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተነካ የእርግዝና ስኳር አለ ይባላል። በዚያ ትልቅ ጥናት ውስጥ ከአፍሪካ አንድም ማዕከል እንዳልነበረ ማስታወስ እወዳለሁ። በቁጥሮቹ እንጠቀማለን፤ የራሳችንን እናቶች ይዘን መለካት ግን ገና ይቀረናል።

እስካሁን ስለ ስኳር ተናገርኩ። ስለ ውፍረት ስናገር ጥንቃቄ አደርጋለሁ፣ በተለይ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ እናቶች እንድትሰሙኝ የምፈልገው በወቀሳ መልክ አይደለም። ውፍረትና የእርግዝና ስኳር ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ስኳሯ ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነ፣ ክብደቷ ግን ከመጠን ያለፈ እናትም ገዘፍ ያለ ልጅና ከባድ እንግዴ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ከስኳር ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው፤ ያን መንገድ ሰዎች እምብዛም አያውቁትም።

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም። ሲበዛ ሰውነትን በዝግታ ያስቆጣል፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት፣ ትኩሳትም ሕመምም የሌለው፣ ግን የማይበርድ ረመጥ ነው። ረመጡ እንግዴ ልጁ ውስጥም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአሜሪካ ኦሃዮ የወጣ ጥናት ከመጠን በላይ ወፍራም በሆኑ እናቶች እንግዴ ልጅ ውስጥ ጠላትን ለመዋጥ የተፈጠሩት ትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሳት ከሌሎቹ እናቶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል። የሚዋጉት ጀርም በሌለበት ይሰበሰባሉ፤ የሚያመነጩትም ኬሚካል የእንግዴ ልጁን ሥራ ይለውጣል። ሁለተኛው ነገር ስቡ ራሱ ነው። በእናቲቱ ደም ውስጥ ቅባት ሲበዛ እንግዴ ልጁ የሚችለውን ያሻግራል፣ የቀረውን በትንንሽ ጠብታዎች መልክ በራሱ ሕዋሳት ውስጥ ያከማቻል። ለጊዜው ፅንሱን ከቅባት ጎርፍ የሚከላከልለት ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን የሕዋሱን የኃይል ማመንጫ ያውካል። ሦስተኛው ሆርሞን ነው፤ ቀጠን ያለች ሴት ስብ በብዛት የሚያመነጨውና አዲፖኔክቲን የሚባለው ሆርሞን የእንግዴ ልጁን የምግብ ፍላጎት እንደ ልጓም የሚይዝ ሲሆን፣ ውፍረት ሲጨምር ይህ ሆርሞን ይቀንሳል። ልጓሙ ሲላላ ለፕሮቲን መሥሪያ የሚሆኑት አሚኖ አሲዶች ወደ ፅንሱ የሚሻገሩበት በር ሰፋ ብሎ ይከፈታል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገና ከጅምሩ የሚሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ወደ ማሕፀኑ ግድግዳ ይዘልቃሉ፤ እዚያ የሚያገኟቸውን ጠመዝማዛና ጠባብ የደም ሥሮች ጡንቻቸውን አፍርሰው ወደ ሰፊ ቦይ ይለውጧቸዋል። ይህ ሥራ በ20ኛው ሳምንት ገደማ በአመዛኙ ይጠናቀቃል። መስኖ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ቦዩ በሚገባ ካልተጠረገ፣ ኋላ የቱንም ያህል ውሃ ቢለቀቅ ማሳው እኩል አይጠጣም። በውፍረት ውስጥ ይህ የቦይ ጠረጋ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ይሆናል። ደሙ በጠባብ መንገድ እየተገፋ ሲመጣ እንግዴ ልጁ ይጎዳል፤ የተጎዳው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ነገሮችም የደም ሥሮቿን ያውኩና የደም ግፊቷን ያስነሣሉ። ፕሪኤክላምፕሲያ የምንለው፣ በአገራችን ብዙ እናቶችን የቀጠፈው የእርግዝና ደም ግፊት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ከእርግዝና በፊት የነበረው የክብደትና የቁመት ምጣኔ (ክብደት በኪሎ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል) ከ5 እስከ 7 በጨመረ ቁጥር የዚህ በሽታ ዕድል እጥፍ እንደሚሆን ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው አሳይተዋል።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚያመራው ወደዚህ ነውና። በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ የኢንሱሊን ተቀባዮች፣ ማለትም የኢንሱሊንን ትእዛዝ ተቀብለው ለሕዋሱ የሚያደርሱት ፕሮቲኖች፣ በብዛት የሚገኙት በእንግዴ ልጁ የእናት ገጽ ላይ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን በብዛት ወደ ፅንሱ የደም ሥሮች ግድግዳ ይዛወራሉ። ትርጉሙ ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንግዴ ልጁን እድገት የሚያዘው የእናት ኢንሱሊን ነው፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ የልጁ። ውፍረት ያላት እናት ኢንሱሊኗ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ እንግዴ ልጁ ገና ሲመሠረት ጀምሮ «እደግ» የሚል ትእዛዝ ይሰማል። እኛ ግን ስኳሯን የምንመረምረው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ምርመራው በጊዜው መደረጉ ትክክል ነው፤ የላክቶጅኑ ጫና የሚበረታው ያን ጊዜ ነውና። ሆኖም ቦዩ የተጠረገው፣ መሠረቱም የተጣለው ከዚያ በፊት ነው። ስኳራቸው ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በደንብ በተስተካከለላቸው እናቶች እንግዴ ልጅ ውስጥ እንኳ ቀደም ብዬ የዘረዘርኳቸው ለውጦች የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ለዚህ ነው የእርግዝና ክትትል በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ይጀመር የሚለውን ልማድ የምቃወመው፤ ለዚህም ነው ክብደትን የማስተካከያው ጊዜ ከመፀነስ በፊት ነው የምለው።

«ልጁ ወፈረ የምትሉት የእናቱን ዘር ወርሶ እንጂ በማሕፀን ውስጥ በሆነው አይደለም» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን የሰጡት በአሜሪካ አሪዞና በረሃ የሚኖሩት የፒማ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በዓለም ላይ የስኳር በሽታ እጅግ ከሚጠናባቸው ሕዝቦች አንዱ በመሆናቸው ተመራማሪዎች ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲከታተሏቸው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ጥናት ያነጻጸረው ወንድምና እኅትን ነው፤ አንደኛው እናቱ ስኳር ሳይዛት የተወለደ፣ ሌላኛው እናቱን ስኳር ከያዛት በኋላ የተወለደ። እናት አንድ፣ ቤት አንድ፣ ገበታ አንድ። ከስኳሩ በኋላ የተወለዱት ልጆች ቀድመው ከተወለዱት ወንድምና እኅቶቻቸው ይልቅ ወፍራሞች ነበሩ፤ ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸውም ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በካናዳ ኩቤክ ደግሞ ከመጠን ላለፈ ውፍረት የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ እናቶች ልጆች ተነጻጽረው፣ እናት ከቀነሰች በኋላ የተወለዱት ከመቀነሷ በፊት ከተወለዱት እኅትና ወንድሞቻቸው ያነሰ ውፍረት ታየባቸው። ስለ ኩቤኩ ጥናት ስናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ ወደ መልካምም መዞር እንደሚችል ያሳየናልና።

ይህ ነገር ምን ያገባናል የምትሉ አትጠፉም፤ የእኛ አገር ችግር ረሀብ ነው ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከአምስት አንዷ ከመጠን በታች የከሳች ስትሆን፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ገደማ ነበሩ። በከተማ ግን ቁጥሩ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር የእርግዝና ስኳርን በ3.7 በመቶ እናቶች ላይ አገኘ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአዲሱ መስፈርት ሲለካ ወደ 13 በመቶ ተጠጋ። መስፈርቱ ስለተለወጠ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ አድርጎ «ይህን ያህል ጨመረ» ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ከስምንት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ማለት ነውና ተራ ነገር አይደለም። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችንም ትምህርት ሰጥተውናል። ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ በፍጥነት ተስፋፋ፣ ያውም ሌሎች እስራኤላውያን ከሚታመሙበት ክብደት ባነሰ ክብደት። በልጅነት ተርቦ ያደገ ሰውነት በኋላ ምግብ ሲበዛለት ቆሽቱ ቶሎ ይደክማል ብለን እንድናስብ የሚያደርግ ነገር ነው። አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ዋሽንግተንም ያለች እኅታችን «እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም» ብላ ምርመራውን እንዳትተው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቤታችን ልማድ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው «ለሁለት ብይ» የሚለው ነው። አማትም፣ እናትም፣ ጎረቤትም የሚሉት ከፍቅር ነው፤ በተለይ ራሳቸው በችግር ጊዜ ያረገዙ እናቶች ይህን ሲሉ ምን እንደሚያስታውሱ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጁ የሚፈልገው ተጨማሪ ምግብ ሁለተኛ ሰው የሚያጠግብ አይደለም። ክብደቷ መካከለኛ የሆነች ሴት በእርግዝናዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፣ ከመጠን በላይ ወፍራም የሆነች ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይበቃታል የሚለው የአሜሪካኖች መመሪያ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሁለተኛው የጣፋጩ ነገር ነው፤ ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ለነፍሰ ጡር «ኃይል ይሰጣል» ተብሎ ይቀርባል። ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከጎመንና ከጥቂት ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር በመጠን የሚበላ የጤፍ እንጀራ ስኳር ላለባት እናት የሚከለከል ምግብ አይደለም፤ የሚከለከለው በአንድ ቁጭታ ሦስትና አራት እንጀራ ብቻውን መብላትና በላዩ ለስላሳ መጨመር ነው። ከምግብ በኋላ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ በእግር መሄድ ስኳሩን ምን ያህል እንደሚያወርደው በራሷ መለኪያ ያየች እናት ሌላ ሰባኪ አያስፈልጋትም።

ሕክምናው እንደሚሠራ ጥርጥር የለም። በአውስትራሊያ 1,000 ያህል ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት በምግብ ምክር፣ ስኳርን በመለካትና ሲያስፈልግ ኢንሱሊን በመስጠት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት ከ4 በመቶ ወደ 1 በመቶ አውርዷል። ኢንሱሊን የሚፈሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ «ልጄን ይነካብኛል» ይላሉ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ኢንሱሊን እንግዴ ልጁን አይሻገርም፤ መርፌው የሚሠራው በእናቲቱ ውስጥ ነው፣ ለልጁ የሚደርሰው የስኳሩ መቀነስ ብቻ ነው። ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን ይሻገራል፤ ይህ ማለት መርዝ ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ አገሮች ይጠቀሙበታል፤ ምርጫው ግን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን ነው። አንዲት እናት ኢንሱሊን ስለታዘዘላት «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ምንም አላጠፋሽም አልኳት፤ እንግዴ ልጅሽ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ቆሽትሽ ደግሞ ረዳት ፈለገ።

የመጨረሻው የምናገረው ነገር ከወሊድ በኋላ ያለው ነው፤ አብዛኞቹን እናቶች የምናጣቸው እዚህ ላይ ስለሆነ። እንግዴ ልጁ ወጥቶ ስኳሩ ሲወርድ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ኋላ ላይ ዘላቂ የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። እንግዴ ልጁ የቆሽቷን አቅም ፈትኖ ጠባብነቱን አሳይቶናል፤ ያየነውን መርሳት የለብንም። ስለዚህ ከወለደች ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ እንደገና ልትመረመር ይገባል፤ ከዚያም በየአንድ ዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ። ችግሩ እናቲቱ አራስ መሆኗ ነው። ገንፎውና አጥሚቱ ይቀርብላታል፣ ልጁ ሌሊት ያለቅሳል፣ ለራሷ ጤና ብላ ጤና ጣቢያ መሄድ አይታሰባትም። ለልጇ ግን ትሄዳለች። የ45 ቀኑን ክትባት ስታስከትብ ስድስተኛው ሳምንት አልፏል፤ የሚያስፈልገው በዚያው ቀን ቁርስ ሳትበላ እንድትመጣ አስቀድሞ መንገርና ክትባት የሚሰጥበትን ክፍል ከላቦራቶሪው ጋር ማገናኘት ነው። ለኦርቶዶክስ እናቶች ደግሞ ጊዜውን ሳስታውሳቸው እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የወንድ ልጅ ክርስትና በ40 ቀን፣ የሴት ልጅ በ80 ቀን ነው፤ 6 ሳምንት 42 ቀን፣ 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። ቀኑን ለመቁጠር ከእናንተ የተሻለ ማንም የለም፤ የክርስትናውን ቀን ስትቆጥሩ የስኳሩንም አብራችሁ ቁጠሩት።